ክር የምታህል ውሃ

ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ጎረቤትየዋ የቡና ስኒዎቹን አጥባ ጨረሰችና የወጥ ቤቱን ቧንቧ በሁለት እጇ ይዛ ጥብቅ አድርጋ ዘጋችው። ቤቱ ጸጥ አለ። በሳሎኑ ዙሪያ ከተቀመጡት ለቀስተኞች አንዳቸውም ነገሩን ልብ አላሉትም። መምህርቷ ብቻ ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው ከወንበሯ ብድግ አለች። የአባቷ ሬሳ ሲወጣ ያልመጣላት፣ አፈር ሲለብስ ያልመጣላት እንባ ያን ጊዜ ዓይኗን ሞላው። በዚህ ቤት ተወልዳ በዚህ ቤት ስታድግ፣ ውሃ የማይንጠባጠብበት ጸጥታ ሰምታ የምታውቀው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያም ድሮ፣ በልጅነቷ።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ ከሶፋው ጥግ፣ ለቅሶ ባሻከረው ድምፅ።

«ምንም። ውሃ ልጠጣ ብዬ ነው።»

«ያመጡልሻል። አንቺ አረፍ በይ።»

ተመልሳ ተቀመጠች። ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር፤ የገዛ ቤቱ ቧንቧ ግን ደህና ተዘግቶ አያውቅም። የወጥ ቤቱም፣ የመታጠቢያ ቤቱም፣ የግቢውም ክር የምታህል ውሃ ሲያወርዱ ይውሉ ነበር። ሠፈርተኛው «ኧረ ሰውየው፣ ደህና ቧንቧ ሠራተኛ እንፈልግልህ?» እያለ ሲስቅበት እሱም አብሮ ፈገግ ይላል፤ መፍቻውን ግን አያነሳም። ሚስቱ ስታልፍ አንዱን ትዘጋዋለች፤ እሱ ሲያልፍ ይከፍተዋል። ትዳራቸው ይህን ሲያደርግ አርጅቶ ነበር።

በበሩ አጠገብ ሁለት ሴቶች ጆሮ ለጆሮ ገጥመው ያንሾካሹካሉ።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ያቺ በቴሌቪዥን የተባለባት?»

«እሷ ናት አልኩሽ እኮ። ታሪክ አስተማሪ ናት ደግሞ።»

«አትይኝም!»

«በሞቴ። የሰው አገር ንጉሥ ስታስተምር ትውልና የገዛ አባቷን...»

ቀሪውን መምህርቷ አልሰማችም፤ መስማትም አላስፈለጋትም። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ከተማው በሙሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በጦርነቱ ዘመን፣ ከተማዋ ተከባ በነበረች ጊዜ፣ በውሃ ማጣሪያው የፓምፕ ክፍል ውስጥ ተዘግተው የኖሩ ሰዎች ካረጁ በኋላ ወደዚያው ክፍል አብረው ሲመለሱ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ተሠርቷል። በመጪው እሑድ ከሰዓት በኋላ ይተላለፋል። ማስታወቂያው ግን በየዜናው መሐል ብቅ ይላል። መጀመሪያ የዛገ ፓምፕ ይታያል፤ ከፓምፑ ፊት አንድ ሽማግሌ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከካሜራው ፈንጠር ወዳለ ቦታ እያየ «ልጄ ጠይቃኝ አታውቅም» ይላል። ከዚያ ጨለማ። በጨለማው ላይ ቀኑና ሰዓቱ በነጭ ፊደል ይጻፋል።

ሽማግሌው አባቷ ነበር።

ማስታወቂያውን መጀመሪያ ያየችው በትምህርት ቤቱ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች ነው። አንዱ ባልደረባዋ በከንቱ አሳለ፤ ሌላው ያረመውን ወረቀት እንደገና ማረም ጀመረ። ቤት ስትደርስ ቴሌቪዥኑ ከሶኬቱ ተነቅሎ ጨርቅ ለብሷል። «ተበላሽቷል» አላት አባቷ፣ ዓይኗን ሳያይ። የሠፈሩን ዕቃ ሁሉ ሲጠግን የኖረ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። እሷም ትንፍሽ አላለችም። ራሱ ይጀምረው ብላ ጠበቀችው። በአንድ ገበታ እየበሉ፣ በአንድ ኮሪደር እየተላለፉ፣ አኩርፋ ጠበቀችው። እሑድ ጠዋት እናቷ ልትቀሰቅሰው ገባችና ጮኸች።

ፊልም ሠሪዋ የመጣችው በታጠቡት ስኒዎች እንደገና ቡና ሲቀዳ ነበር። ጥቁር ለብሳ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጠፍራ ገባች። ከመምህርቷ በዕድሜ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። በእናትየው አንገት ሥር ተወሽቃ አለቀሰች፤ እንባዋም የውሸት አልነበረም። «አባቴን ነው ያጣሁት» አለች። ይህን ስትሰማ መምህርቷ ስኒዋን ሳትጠጣ አስቀመጠችው።

ፊልም ሠሪዋ ጥቂት ቆይታ መምህርቷን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻት።

«የኔ እህት፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ...»

«እያወቅሽ ነዋ የመጣሽው።»

«እውነትሽን ነው። ግን እሑድ ደረሰብኝ። የፊልሙ መጨረሻ ላይ የወጣትነት ፎቷቸውን ለመታሰቢያ ማስገባት እንፈልጋለን። ከፓምፑ ፊት ቆመው የተነሡት አለ አይደል? ከቁም ሳጥኑ በግራ በኩል ካለው በር ጀርባ ተለጥፏል ብለውኛል።»

መምህርቷ ያን ቁም ሳጥን የአባቷን ሸሚዞች ልታስገባ ስንት ጊዜ ከፍታዋለች። ከካፖርቱ ኋላ፣ ከበሩ ጀርባ፣ ፎቶ መኖሩን አታውቅም ነበር።

«ሌላስ ምን ነገረሽ?»

«ብዙ ነገር። ፊልሙ ላይ ታይዋለሽ።»

«ያቺን ዓረፍተ ነገር አውጪያት።»

ፊልም ሠሪዋ የትኛዋን ብላ አልጠየቀቻትም። «እሷ የፊልሙ ልብ ናት» አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ በሥራዋ ከልቧ እንደሚያምን ሰው። «አስቢው እስኪ። በዚህ ከተማ አፉን ዘግቶ የሚሞት ስንት አባት አለ? እሷን ሰምቶ ወደ ቤቱ የሚሮጥ፣ አባቱን ቁጭ አድርጎ የሚጠይቅ ስንት ልጅ ይኖራል? ለዝና ብዬ አይደለም የሠራሁት፤ ለትውልድ ነው።»

«እኔን ሰቅለሽ ነዋ ትውልዱን የምታስተምሪው።»

«ስምሽ አልተጠራም።»

«ያለችው ልጅ አንድ እኔ ነኝ! ሠፈሩ ሌላ ልጅ ያውቅለታል?»

ፊልም ሠሪዋ ትከሻዋን ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ መልሳም ሰበሰበችው። «ቃሉ የሳቸው ነው» አለች። «እኔ አንድም አልጨመርኩበትም።»

እሷ ከሄደች በኋላ መምህርቷ ኮሪደሩ ውስጥ እንደቆመች ቀረች። የቀረጻውን ቀን አስታወሰች። አባቷን በመኪናዋ ወደ ውሃ ማጣሪያው ያደረሰችው እሷ ነበረች። በሩ ላይ ፊልም ሠሪዋ «ቤተሰብ ካለ ሰው ምላሱን ይጠብቃል» ብላ ውጪ እንድትቆይ ለመነቻት። መኪናው ውስጥ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ፈተና ስታርም ዋለች። ወደ ማታ ሲወጡ አባቷ በሁለት ጓደኞቹ መሐል ሆኖ ይስቅ ነበር። እሷ የምታውቃት ያቺ የጎረቤት ፈገግታው አልነበረችም፤ ጎንበስ ብሎ፣ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ነበር የሚስቀው። መኪናው ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ሲያስር ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«እንዴት ነበር አባዬ?»

«ደህና ነበር። ሻይ ሰጡን። ቀዝቃዛ ነው እንጂ።»

«ሌላስ?»

«መብራት ይበዛበታል።» በመስኮቱ ሲያይ ቆየና፣ «አለቃ፣ ጎማሽ አየር ሳይጎድለው አይቀርም» አላት። በሕፃንነቷ ሁሉን ካላዘዝኩ ትል ስለነበር «አለቃ» ነበር የሚላት።

ወርዳ አየችው። ጎማው ደህና ነበር። ተመልሳ ገብታ ሞተሩን አስነሳች፤ እስከ ቤት ድረስ ሁለቱም ስለ ጎማ ብቻ አወሩ።

ሐሙስ ጠዋት ጓደኞቹ መጡ። ከፓምፕ ክፍሉ ሰዎች አሁን በሕይወት ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንዷ ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ሌላው ከቁመቱ የተነሣ «ስልክ እንጨት» እየተባለ የኖረ ሽማግሌ። ሟቹን እነሱ «ሕፃኑ» ነበር የሚሉት፤ ያን ጊዜ ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰው እሱ ነበርና።

«መቅደም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ» አለ ስልክ እንጨት፣ እግሮቹን ሶፋው ሥር የሚያደርግበት እያጣ። «ሕፃኑ ቀደመኝ። ድሮም ተራ አያውቅም።»

«አንተማ እንዴት ብለህ ትሞታለህ?» አለችው ነርሷ። «በልክህ ሣጥን ስለጠፋ እኮ ነው የተረፍከው።»

ከለቀስተኞቹ አንዳንዶቹ ደንግጠው ስኒያቸውን አዩ። ሁለቱ ሽማግሎች ግን ሳቁ። ሳቃቸው በየት በኩል ወደ ለቅሶ እንደዞረ ማንም አላየም።

«ነዳጅ አልቆ ፓምፑ ሲቆም» አለ ስልክ እንጨት ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ፣ «ጸጥታው ያስፈራን ነበር። ፓምፑ ቆመ ማለት የሚመጣው አይታወቅም ማለት ነው። ሕፃኑ ያን ጊዜ በአፉ የፓምፑን ድምፅ ያወጣልናል። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ። እንደ ሕፃን እንተኛለን።»

«እሱ ነዋ ሕፃኑ» አለች ነርሷ።

«እሱ ነበር የሚያስተኛን። የጦር አዛዡንማ ሲያስመስለው! ድምፁን ብቻ አይደለም፤ ሱሪውን ከፍ የሚያደርግበትን ሁሉ።»

መምህርቷ ሌላ ሰው የቀበረች መሰላት። የሚያወሩለት ሰው በዚህ ቤት ሳሎን ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጦ አያውቅም።

ነርሷ አየር ልታገኝ ወደ ግቢ ስትወጣ ተከትላት ወጣች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂኝ። እኔ እንደ አባትሽ አይደለሁም፤ አፌ መዝጊያ የለውም።»

«አባቴ እዚያ ምን አድርጎ ነው?»

ነርሷ የግቢውን ግንብ ተደግፋ ቆመች። ቀልዷ ከፊቷ ላይ ወረደ።

«አዛዡ መጣ። የምሥራቁ ሠፈር ጠላት ያስጠልላል ተብሏልና ውሃ ይዘጋበት አለ። የውሃው መዝጊያ ትልቅ መዘውር ነው፤ ከሰው ደረት ይሰፋል። ዝጋ የተባለው አባትሽ ነው፤ ሙያው ያለው እሱ ነበር። ዘጋው። እኔ ቆሜ አየሁ፤ ያ ረጅሙም ቆሞ አየ። አንዳችን እንኳ 'ተው' አላልንም፤ ይህን አንቺም እወቂው። ከዚያ ሠፈሩ ውሃ ጠማው። ሲጠማው ወደ ወንዙ ወረደ። ወንዙ ዳር ደግሞ ሜዳ ነው፤ ለተኳሽ የተመቸ። ባልዲና ጣሳ ይዘው ነው የሚወርዱት። ውሃ የሚቀዳ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ሴትና ልጅ ነው። እኛ ከፓምፕ ክፍሉ ሆነን ተኩሱን እንሰማ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አባትሽ አዛዡን አስመስሎ አያውቅም።»

መምህርቷ የግቢውን ቧንቧ አየችው። እሱንም ጎረቤቶች ጥብቅ አድርገው ዘግተውታል። ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ፣ ውሃ በየዕለቱ ሲመታው ኖሮ ጎድጉዷል፤ ጉድጓዱ ዛሬ ደርቆ ነበር።

«ማስታወቂያውን አይቼዋለሁ» አለች ነርሷ። «ደሜ ነው የፈላው። አባትሽ እኮ እዚያ ላይ አላቆመም። አጠገቡ ነበርኩ። ያቺን ከተናገረ በኋላ 'ቆይ' ሲል ሰምቻለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የመብራቱ ሙቀት ራሴን አዞረኝ፤ ደግፈው አወጡኝ። 'ቆይ' ሲል ግን በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሙት አልዋሽም።»

ሁለቱ ሽማግሎች ከሄዱ በኋላ መምህርቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ የገንዳው ጠርዝ ላይም ተቀመጠች። በልጅነቷ የሰማችው ያ ጸጥታ ያበቃው እዚህ ነበር። ሁለተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ ውሃ ማባከን መጥፎ መሆኑን አስተማረቻቸው። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ፣ የተነገራትን ሁሉ የምትፈጽም ልጅ ነበረች። ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ሳታወርድ ከቧንቧ ወደ ቧንቧ ሮጠች። የወጥ ቤቱን፣ የመታጠቢያ ቤቱን፣ የግቢውን፣ አንድ በአንድ በሁለት እጇ እያጠበቀች ዘጋቻቸው። ከዚያ አባቷ ሲገባ እንዲያመሰግናት ሳሎን ተቀምጣ ጠበቀች።

አባቷ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ አዳመጠ። የሥራ ሳጥኑ ከእጁ ወደቀ። መፍቻዎቹ በወለሉ ላይ ሲበተኑ እሱ ወጥ ቤት ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤት። ስትደርስበት ቧንቧውን አለቅጥ ከፍቶት፣ ውሃው ደረቱን አበስብሶት፣ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አባዬ፣ ቧንቧችን ለምንድን ነው የማይዘጋው?»

ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሊናገር ነበር፤ ዛሬ ላይ ሆና ስታስበው ሊናገር እንደነበር እርግጠኛ ናት። እናቷ ግን ከኋላዋ ደርሳ ክንዷን ጨምድዳ ወደ ኮሪደሩ ጎተተቻት። «ሁለተኛ ይህን ነገር አባትሽን እንዳትጠይቂው! ትሰሚኛለሽ? ልትገድይው ነው?»

ሰማች። የተነገራትን ሁሉ የምትፈጽም ልጅ ነበረችና ሁለተኛ አልጠየቀችም።

ከመታጠቢያ ቤቱ ስትወጣ እናቷን ብቻዋን በሶፋው ላይ የማንም ያልሆነ ስኒ ይዛ ተቀምጣ አገኘቻት።

«እማዬ፣ እንዳልጠይቀው ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ።»

እናትየው መች እንደሆነ፣ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። «እንዲኖር ነዋ» አለች። «አንቺ ሌሊት ሲጮህ ሰምተሽው አታውቂም። አፉን በእጄ ይዤ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ እንዳትሰሚ። ሰው አንድ ነገር ሊወጣበት ሲል አፉን ከያዝሽለት ይረጋጋል ብዬ...» ስኒውን አስቀመጠችው። «አንቺስ? ካደግሽ በኋላስ? ትልቅ ሰው ሆነሽ፣ ደሞዝተኛ ሆነሽ፣ እኔ ክንድሽን ይዤሽ ነበር?»

መምህርቷን የቆረጠማት ይህ ጥያቄ ነበር፤ ያቺ የማስታወቂያ ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ውሸት ብትሆን ኖሮ እንዲህ ባላቃጠለቻት።

ዓርብ ጠዋት ቁም ሳጥኑን ከፍታ ካፖርቱን ወደ ጎን ገፋችው። ፎቶው እንደተባለው ከበሩ ጀርባ ነበር። አንድ ጎረምሳ ከፓምፑ ፊት ደረቱን ነፍቶ ቆሟል፤ መፍቻውን እንደ መሣሪያ ትከሻው ላይ አጋድሞታል። ሙያውን የሚያውቅ፣ ማወቁንም ሰው ሁሉ እንዲያይለት የሚፈልግ ልጅ ነው። በጥንቃቄ ላጠችው። ከዚያ ስልኳን አንስታ ለፊልም ሠሪዋ ደወለች።

«ፎቶውን እሰጥሻለሁ። ያልተቆረጠውን ይዘሽ ነዪ።»

«ምኑን?»

«ከ'ቆይ' በኋላ ያለውን።»

«እሺ» አለች ፊልም ሠሪዋ። «እመጣለሁ።»

ከሰዓት በኋላ መጣች፤ ኮምፒውተሯን በደረቷ አቅፋለች። ለቀስተኞቹ ሳስተዋል። በሳሎኑ ውስጥ እናትየው ብቻ ነበረች፤ ጎረቤትየዋ ወጥ ቤት ገብታ ስኒ ታጥባለች። ፊልም ሠሪዋ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። እጇ ግን ከቁልፉ ላይ አልተነሳም።

«አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ» አለች። «ፊልሙን አስረክቤዋለሁ። በፈለግሁ ጊዜ የምነካካው ነገር አይደለም አሁን።»

«አጫውቺው።»

ተጫወተ። የዛገው ፓምፕ፣ ወንበሩ፣ አባቷ። የሚያምር ሸሚዙን ለብሷል፤ ያን ቀን ጠዋት የተኮሰችለት እሷ ነበረች። «ልጄ ጠይቃኝ አታውቅም» አለ። እዚህ ላይ ጨለማው ይመጣ ነበር። አሁን አልመጣም። አባቷ በአውራ ጣቱ የከንፈሩን ጥግ ጠረገ።

«ቆይ። ቆይ እስኪ። ውሸቴን ነው። ጠይቃኛለች። ትንሽ ልጅ ሆና፣ ቧንቧችን ለምን አይዘጋም ብላ ጠይቃኛለች። እናንተ እንዲህ ዙሪያውን ትዞራላችሁ፤ እሷ አንድ ጊዜ ጠየቀች፣ እሱንም ከቦታው ነው የነካችው። ያልመለስኩላት እኔ ነኝ።»

እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

«መዘውሩን ትንሽ ልተውለት እችል ነበር እኮ። ክር የምታህል ውሃ። ማን ያውቅብኛል? አዛዡ ስለ ቧንቧ ምን ያውቃል? ክር የምታህል ውሃ ካለች ሰው ጣሳውን ከሥሯ አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ወንዝ አይወርድም። ግን ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁት። ማንም አላስጨነቀኝም። ጎበዝ ነው እንዲሉኝ ነው። አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳታልፍ አድርጌ ዘጋሁትና ዞር ብዬ አየኋቸው፤ አያችሁልኝ ወይ ብዬ። ይህን ለልጅ ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ?»

ከካሜራው ጀርባ ማንም አልመለሰለትም። አባቷ ከወንበሩ ትንሽ ወደፊት ጠጋ አለ፤ ድምፁም ሰው ከጎረቤቱ ዕቃ ሲዋስ እንደሚለሰልሰው ለሰለሰ።

«እና የቅድሟን አውጪልኝ፣ የኔ ልጅ። ጠይቃኝ አታውቅም ያልኳትን። ሰው ልጄን ይታዘብብኛል። እሷም ብትሰማት አትናገርም፤ እንደ እኔ ናት፣ በሆዷ ትይዘዋለች። አውጪልኝ፣ እሺ?»

ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ጠበቀ። ሥራውን ልክ ነው አይደለም የሚለውን ሰው እንደሚጠብቅ ባለሙያ፣ ከካሜራው ፈንጠር ወዳለችው ቦታ እያየ ጠበቀ። ከዚያ ምስሉ ቆመ።

እናትየው ከሶፋው ጥግ እንደ ትንፋሽ ያለች ድምፅ አወጣች። ፊልም ሠሪዋ አንገቷን ደፍታ ነበር። ፎቶው ከፊቷ፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አላነሳችውም።

ወጥ ቤት ውስጥ ጎረቤትየዋ ስኒዎቹን ጨረሰች፤ ቧንቧው ሲጠብቅ ብረቱ ሲጢጥ አለ። እናትየው የሶፋውን ክንድ ተመርኩዛ ተነሣች። ግድግዳውን እየያዘች በኮሪደሩ ሄደች። «ተዪው እህቴ» ስትል ተሰማች። «እንዲህ አታጥብቂው።» ትንሽ ቆይቶ ክር የምታህል ውሃ በገንዳው ብረት ላይ መውረድ ጀመረች።

መምህርቷ ምስሉን ጥቂት ወደ ኋላ መለሰችው፤ አባቷ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ከሚጠብቅበት ቦታ ላይም አቆመችው። ከዚያ ኮምፒውተሩን በሁለት እጇ ይዛ ፊቱን ወደ ፊልም ሠሪዋ አዞረችው።

«መልሺለት» አለቻት።

ውሃው ይንጠባጠባል።

«መልሺለት እንጂ።»